የጂኦግራፊ ጥያቄና መልስ ውድድር ምንድን ነው?

  

የዛሬው ንግግራችን ስለ ተማሪዎች የጂኦግራፊ ጥያቄና መልስ ውድድር ነው።

«ይህ የልጆች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ያገባችኋል። አንድ ቀን ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «አባባ፣ ለውድድር ተመርጫለሁ። ሦስት ሳምንት ከትምህርት በኋላ እየቀረሁ መለማመድ አለብኝ» ትላችኋለች። ያን ጊዜ «ይሁን» ወይም «አይሆንም» የምትሉት እናንተ ናችሁ። ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ መፍቀድም ሆነ መከልከል ይከብዳል። ስለዚህ ዛሬ አብረን እንየው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታ። ጂኦግራፊ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው። «ጂኦ» ማለት ምድር ነው። «ግራፊ» ማለት መጻፍ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ስለ ምድር መጻፍ ማለት ይሆናል። ተራራው የት እንዳለ፣ ወንዙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ፣ ሰው በየትኛው አገር ምን እንደሚዘራ፣ ለምን እዚህ ሰፍሮ እዚያ እንዳልሰፈረ የሚያጠና ትምህርት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ከእናንተ መካከል ብዙዎች ፊደል ሳይቆጥሩ ከዚህ ትምህርት ብዙውን ያውቁ ነበር። የማያውቁት ስሙን ነው።

አሁን ውድድሩ ምን እንደሚመስል በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ቦታው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። አዳራሽ ከሌለ ባንዲራ የሚሰቀልበት ሜዳ ይሆናል። ከፊት ለፊት ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። በአንድ ጠረጴዛ ያሉት አንድ ቡድን ይባላሉ። ቡድኖቹ ስም ይሰጣቸዋል፤ አንዱ ዓባይ፣ አንዱ ባሮ፣ አንዱ ተከዜ ይባላል። በመካከል ጠያቂው ቆሟል። በእጁ የታጠፉ ወረቀቶች አሉ። ከጎኑ ዳኞች፣ አንድ ሰዓት ተቆጣጣሪና አንድ ነጥብ መዝጋቢ አሉ። ነጥቡ በጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ከኋላ ደግሞ ሌሎቹ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች ተቀምጠዋል።

ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በብዙ ቦታ ግን እንዲህ ነው። ተራው የደረሰው ቡድን አንድ ወረቀት ያወጣል። ጠያቂው ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ያነባል። ቡድኑ ለመመካከር ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ይሰጠዋል። መልሱን ጮክ ብሎ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም የቡድኑ መሪ ነው። ከመለሱ ሁለት ነጥብ ያገኛሉ። ካልመለሱ ጥያቄው ለሚቀጥለው ቡድን ይተላለፋል። የተላለፈ ጥያቄ የመለሰ ቡድን አንድ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ተራው ያልደረሰ ቡድንም ማንቀላፋት አይችልም።

ከተመልካቾች መካከል መልሱን የተናገረ ሰው ካለ ጥያቄው ይሰረዛል። እንግዲህ ልጃችሁን ለማየት ስትሄዱ፣ መልሱን ብታውቁትም እንኳ አፋችሁን ያዙ! ለወላጅ ከሁሉ የሚከብደው ደንብ ይሄ ነው።

የካርታ ዙርም አለ። ዙር ማለት የውድድሩ አንድ ክፍል ነው። በካርታ ዙር ምንም ስም ያልተጻፈበት ባዶ ካርታ ይሰቀላል። አንዱ ተማሪ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ቀጭን በትር ይዞ፣ «ይህ ሻላ ሐይቅ ነው» ብሎ ያሳያል። በትሩ አንድ ጣት ያህል ከተሳሳተ ሻላ መሆኑ ቀርቶ አቢያታ ይሆናል፤ ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ናቸውና።

በአንዳንድ ቦታ ደግሞ መጀመሪያ ደወል የደወለ ይመልሳል። ይህ ለተመልካች ደስ ይላል። ለእኔ ግን እምብዛም አይጥመኝም። ደወሉን የሚቀድመው እጁ የፈጠነ ልጅ ነው፤ ያሰበ ልጅ ገና እያሰበ ነው። መመካከር ያለበት ውድድር ከዚህ የተሻለ ነገር ያስተምራል። እስቲ ለምን እንደምል በአንድ ጥያቄ ላሳያችሁ።

ጠያቂው ወረቀቱን ገልጦ እንዲህ ብሎ አነበበ እንበል፦ «ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትታየው በጅግጅጋ ነው ወይስ በጋምቤላ? በስንት ደቂቃስ ትቀድማለች?»

በጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ተማሪዎች አሉ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ልጃገረድ። አንደኛው ልጅ ቸኩሎ፣ «ጋምቤላ ነው! ጋምቤላ በጣም ሞቃት አይደለም እንዴ? ፀሐይ ቶሎ ስለሚወጣ ነው» አለ። ሁለተኛው ልጅ ካርታውን በአሳቡ አየና፣ «ቆይ፣ ጅግጅጋ በምሥራቅ ነው፤ ጋምቤላ በምዕራብ ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ጅግጅጋ ይቀድማል» አለ። ትክክል ነው። ነገር ግን ግማሽ መልስ ነው፤ ደቂቃው ቀርቷል። ልጃገረዷ እስካሁን አልተናገረችም። በወረቀቷ ጥግ ላይ ቁጥር እየጻፈች ነው።

እርሷ ምን እያሰበች እንደሆነ አብረን እንከተል። ምድር ክብ ናት። አንድ ክብ ነገር 360 ዲግሪ ተብሎ ይከፈላል። ምድር በራስዋ ዙሪያ አንድ ጊዜ ለመዞር 24 ሰዓት ይፈጅባታል። 360 ለ24 ሲካፈል 15 ይሆናል። ስለዚህ ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ ነው። 60 ለ15 ሲካፈል 4 ነው። እንግዲህ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ማለት ነው።

በካርታ ላይ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ መሥመሮች አሉ። ኬንትሮስ ይባላሉ። ከግራ ወደ ቀኝ የተሰመሩት ደግሞ ኬክሮስ ይባላሉ። የሁለቱ ስም ስለሚመሳሰል ብዙ ተማሪ ይምታታበታል። ጋምቤላ በ35ኛው ምሥራቅ ኬንትሮስ አጠገብ ናት። ጅግጅጋ በ43ኛው አጠገብ ናት። ልዩነቱ 8 ነው። 8 ጊዜ 4፣ 32። ስለዚህ ፀሐይ በጅግጅጋ ከታየች በኋላ በጋምቤላ እስክትታይ ግማሽ ሰዓት ያህል ያልፋል። የሁለቱ ከተሞች የግድግዳ ሰዓት ግን አንድ ነው፤ አገሪቱ የምትሠራው በአንድ ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ ነው።

አያችሁ፣ ልጅቷ መልሱን አግኝታለች። ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። መሪው ወንድ ልጅ ነው። እርሷ በለሆሳስ «32 ደቂቃ» ብላለች። ሰዓት ተቆጣጣሪው ሊደውል አምስት ሰከንድ ቀርቶታል። መሪው ይሰማታል? ወይስ «ዝም በይ፣ እኔ አውቃለሁ» ብሎ ከልቡ ያመጣውን ቁጥር ይናገራል? በእንዲህ ያለ ውድድር ነጥብ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። መልሱ በጠረጴዛው ላይ አለ፤ ወደ መሪው ጆሮ ግን አይደርስም። ለዚህ ነው ጥሩ መምህር ቡድን ሲያለማምድ ከአገሮች ስም ይልቅ መደማመጥን ደጋግሞ የሚያለማምደው። ሁሉም እንዲናገር፣ የጻፈ ሰው ወረቀቱን እንዲያሳይ፣ መሪውም ከመናገሩ በፊት የሁለቱን ዓይን እንዲያይ ያደርጋል። መሪ ሲመረጥም ብዙ የሚናገረው ሳይሆን ጥሩ የሚሰማው ቢመረጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጥያቄው ዓይነት ነው። «የኬንያ ዋና ከተማ ማን ይባላል?» የሚል ጥያቄ መጥፎ አይደለም። ናይሮቢ ብሎ መመለስ ነው፤ አለቀ። ነገር ግን ውድድሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ከሆነ፣ ልጁ ሁለት መቶ ከተሞች ሸምድዶ ይመጣል። ሲያሸንፍ ይጨበጨብለታል። ከሁለት ወር በኋላ ግማሹን ረስቶታል። «ለምን?» እና «እንዴት?» የሚል ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አይረሳም።

አንድ ጥያቄ ልጨምርላችሁ። «አዋሽ ወንዝ የሚገባው ወደ የትኛው ባሕር ነው?» ብዙ ተማሪ ቸኩሎ «ወደ ቀይ ባሕር» ይላል። አንዳንዱም «ወደ ህንድ ውቅያኖስ» ይላል። ጥያቄው ወጥመድ አለበት። አዋሽ ወደ የትኛውም ባሕር አይገባም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣል። ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። በቆቃ ይገደባል። ከዚያ ወንጂንና መተሐራን እያለፈ፣ ለሸንኮራ አገዳና ለሌላም እርሻ ውሃ እየሰጠ፣ ወደ አፋር ቆላ ይዘልቃል። መንገዱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመጨረሻም በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም። ፀሐይና ሙቀት ውሃውን በእንፋሎት ይወስዱታል፤ ጨዉ ይቀራል። በአፋር ከብት የሚጠብቅ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ከተማ ያደገ ተማሪ ግን አንዳንድ ጊዜ ይሳሳተዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ እንሂድ። ክርክር የሚነሣው እዚያ ነው።

«ከአፍሪካ በቆዳ ስፋት ትልቁ አገር ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ምንድን ነው? በቤታችሁ አሮጌ የካርታ መጽሐፍ ካለ ሱዳን ይላችኋል። መጽሐፉ ሲታተም ትክክል ነበር። ነገር ግን በሐምሌ ወር 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ራስዋን የቻለች አገር ሆነች። ሱዳን በቆዳ ስፋት አነሰች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ትልቁ አገር አልጄሪያ ነው፤ ስፋቱ 2.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የኢትዮጵያን ጎረቤቶችም ቁጠሩ እስቲ። በ1970ዎቹ ዓመታት ትምህርት ቤት የነበረ ሰው አራት ናቸው ይላል፤ ሱዳን፣ ኬንያ፣ ሶማሊያና ጅቡቲ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን አምስት ሆኑ። በ2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ስትጨመር ስድስት ሆኑ። አባት አራት ይላል፣ ታላቅ ወንድም አምስት ይላል፣ ትንሿ ልጅ ስድስት ትላለች። ሦስቱም በተማሩበት ጊዜ የተማሩትን ነው የተናገሩት። የዛሬው መልስ ግን ስድስት ነው።

የናይጄሪያ ዋና ከተማም እንዲሁ ነው። ሌጎስ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ግን አቡጃ ናት። እ.ኤ.አ. ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው፤ ከዚህ በታችም ስለምታገኙት ልብ በሉት። ላይኛው ቮልታ የሚባለው አገር እ.ኤ.አ. በ1984 ስሙን ቡርኪና ፋሶ አለ። ስዋዚላንድም እ.ኤ.አ. በ2018 ኤስዋቲኒ ተባለች። ስለዚህ ከአሮጌ መጽሐፍ ጥያቄ የሚያወጣ መምህር ልጆቹን ያለ ጥፋታቸው ነጥብ ሊያሳጣቸው ይችላል። መጽሐፍ ስታነቡ ገና ሽፋኑን ስትገልጡ የታተመበትን ዓመት ፈልጉ። ይህ ለተማሪም ለዳኛም ለእናንተም የሚጠቅም ልማድ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። የራስ ዳሽን ተራራ ከፍታ ስንት ነው? አንዱ መጽሐፍ 4,620 ሜትር ይላል። ሌላው 4,533 ይላል። ሌላው ደግሞ 4,550 ይላል። ተራራው አላደገም፣ አላጠረምም። የመለኪያው ዘዴ ነው የተለዋወጠው። ታዲያ ዳኛ ምን ያድርግ? ብልህ ዳኛ ውድድሩ ሳይጀመር፣ «ቁጥር ሲጠየቅ የምንፈርደው በዚህ መጽሐፍ ነው» ብሎ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ያሳያል። እንዲያውም ከዚያ የበለጠ ብልህ የሆነው ቁጥሩን ትቶ፣ «በኢትዮጵያ ከሁሉ ከፍ ያለው ተራራ የትኛው ነው? በየትኛው የተራራ ሰንሰለት ላይ ይገኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ራስ ዳሽን፤ በሰሜን ተራሮች። በዚህ ላይ ማንም አይከራከርም።

እንዲህ ያለ ውድድር በእኛ አገር ብቻ የሚደረግ አይደለም። ናሽናል ጂኦግራፊክ የሚባል የአሜሪካ ማኅበር አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 የተመሠረተ ነው። ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን ላይ የተለያዩ አገሮች ተማሪዎችን በጂኦግራፊ አወዳደረ። ከእያንዳንዱ አገር የሚመጣው ቡድን ሦስት ተማሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ በተለያየ ከተማ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ ከተማ ሲካሄድ ያሸነፉት የሜክሲኮ ልጆች ናቸው፤ ባለ አገሮቹን በአገራቸው ረቷቸው ማለት ነው። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2013 በሩሲያ በሴንት ፒተርስበርግ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ቆመ።

ሌላው ዛሬም ያለው ዓለም አቀፍ የጂኦግራፊ ኦሊምፒያድ ነው። መጀመሪያ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1996 በኔዘርላንድ በዘ ሄግ ከተማ ነው። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 19 የሆነ አራት ተማሪዎች ከየአገሩ ይሄዳሉ። ሜዳሊያው ለየግል ይሰጣል፤ ልጆቹ የሚዘጋጁት ግን በቡድን ነው። ከዚህ ውድድር እኔን የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ተማሪዎቹ በወረቀት ላይ ከተፈተኑ በኋላ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ወደ አንድ ሰፈር፣ ወይም ወደ ወንዝ ዳር፣ ወይም ወደ ገበያ ይሄዳሉ። በእግራቸው እየዞሩ ያያሉ፣ ይለካሉ፣ ካርታ ይሥላሉ። ከዚያም «በዚህ ቦታ ምን ችግር አለ? ምን ቢደረግ ይሻላል?» ተብለው ይጠየቃሉ። የዚህ ክፍል ነጥብ ከመቶ 40 ነው፤ ከጽሑፉ ፈተና ጋር እኩል ማለት ነው። በምስል ለሚቀርበው ፈተና 20 ይቀራል። አገርን አይቶ መረዳት ይህን ያህል ዋጋ ተሰጥቶታል።

እንግዲህ እናንተ የምትገቡት እዚህ ላይ ነው። «እኔ ገና ማንበብ የጀመርኩ ሰው፣ ስምንተኛ ክፍል ለደረሰች ልጅ ምን አስተምራለሁ?» አትበሉ። ብዙ አላችሁ።

ለምሳሌ ያህል፣ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ የሚሉትን ቃላት ማን አወጣቸው? ገበሬው ነው። ዛሬ እነዚህ ቃላት በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። መጽሐፉ እንዲህ ይላል፦ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ሆና ሳለ የማትሞቀው ስለዚህ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልጃችሁ ይህን ቁጥር ሸምድዳ ይሆናል። እናንተ ግን ገብስ የሚዘራበትን፣ ጤፍ የሚያምርበትን፣ ማሽላ የሚያፈራበትን መሬት በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። ከላይ ከደጋው እስከ ታች እስከ ቆላው ስትወርዱ እህሉ እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ልብሱ እንዴት እንደሚቀል፣ ቤቱ እንዴት እንደሚለያይ ንገሯት። ያን ጊዜ ቁጥሩ ነፍስ ይዘራል። ከዚያ ወዲያ «ደጋ ለምን ይቀዘቅዛል?» ተብላ ብትጠየቅ አትደነግጥም።

ዝናቡንም ጠይቋት፣ ንገሯትም። በደገኛው አገር ዋናው ዝናብ ክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም። በቦረናና በሶማሌ ቆላ ደግሞ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በጸደይ ወራት፣ ሌላው በበልግ ወራት ይጥላል። ከዚያ አገር የመጣ ጎረቤት ካላችሁ ቡና አፍልታችሁ ጥሩትና ልጅቷ በራስዋ አፍ ትጠይቀው። ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስረዳታል።

ማንበብ የጀመራችሁ ደግሞ ሌላም ሥራ አላችሁ። ጠያቂ ሁኑ! ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ ልጃችሁ የጻፈችውን ጥያቄ ከደብተሯ ላይ አንብቡላት። ቀስ ብላችሁ ብታነቡ ምንም አይደለም። በውድድሩም ጠያቂው ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። እርሷ ለጂኦግራፊ ትለማመዳለች፤ እናንተ ለንባብ ትለማመዳላችሁ። የአንድ ኩራዝ ጋዝ ለሁለት ሰው ጠቀመ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጀመርነው ጉዳይ እንመለስ፤ ልጅቷ ልትለማመድ መቅረት አለባት። ወንድ ልጅ ሲመረጥ ብዙ ቤት «ጎሽ!» ይባላል። ሴት ልጅ ስትመረጥ ግን፣ «ውሃውን ማን ይቀዳል? እንጀራውን ማን ይጋግራል? ከመሸስ በኋላ ማን ያመጣታል?» ይባላል። ጥያቄዎቹ የእውነት ጥያቄዎች ናቸው፤ ውሃ ሳይቀዳ አያድርም። ነገር ግን መልስ አላቸው። ሦስት ሳምንት ወንድሟ ይቅዳ። መንገዱ ሩቅ ከሆነ መምህሩን ሄዳችሁ አነጋግሩት፤ ልምምዱ ከትምህርት በኋላ መሆኑ ቀርቶ በምሳ ሰዓት ወይም ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን የሚከለክል የለም። ከአንድ ሰፈር የሚመጡ ልጆች አብረው እንዲመለሱ ማድረግም ይቻላል። ይህ ሁሉ ሳይሞከር «አይሆንም» ከተባለች፣ ያቺ 32 ደቂቃን ያሰላች ልጅ ከጠረጴዛው ትጎድላለች። ቡድኑም ጋምቤላ ብሎ ይመልሳል።

ስለ ሽልማትም አንድ ቃል ልበል። ለአሸናፊዎቹ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ መዝገበ ቃላት ነው። ቢቻል የካርታ መጽሐፍ ቢሆን መልካም ነው። አትላስ ይባላል። አንድ አትላስ በአንድ ቤት ከገባ ሰፈሩ ሁሉ ይመለከተዋል። ለተሸነፈው ቡድን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ያልመለሰውን ጥያቄ መልስ ማወቅ ነው። ልጃችሁ ተሸንፋ አንገቷን ደፍታ ስትመጣ፣ «ስንተኛ ወጣሽ?» ከማለት በፊት፣ «የትኛው ጥያቄ ነው ያስቸገራችሁ? እስቲ ንገሪን» በሏት። ስትነግራችሁ ታያላችሁ፤ ዓይኗ ይበራል።

በሉ እንግዲህ፣ ለዛሬ ማታ የቤት ሥራ አለ። ለልጆችም ለአዋቂዎችም ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከቤታችሁ ደጃፍ የሚወርደው ውሃ መጨረሻው የት ይደርሳል? በመጀመሪያ ወደ የትኛው ጅረት፣ ከዚያ ወደ የትኛው ወንዝ፣ ከዚያስ ወዴት? በወረቀት ላይ ሣሉት። ከላይ ሰሜን ብላችሁ ጻፉ። ቤታችሁን በትንሽ አራት ማዕዘን አድርጉ። ጅረቱን በቀጭን መሥመር፣ ወንዙን በወፍራም መሥመር አሥምሩ። ይህ የመጀመሪያው ካርታችሁ ይሆናል።

እንዴት እንደሚሠራ ከአዲስ አበባ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከከተማዋ በስተ ሰሜን የእንጦጦ ተራራ አለ። በተራራው አናት ላይ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ጎን ለጎን ወደቁ እንበል። አንዱ ወደ ሰሜን ቁልቁለት፣ ወደ ሱሉልታ በኩል ወረደ። ከሙገር ጋር ወደ ዓባይ ይገባል፤ የህዳሴውን ግድብ ያልፋል፤ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ግብጽን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ሌላው ወደ ደቡብ ቁልቁለት ወረደ። ከተማዋን አቋርጦ ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል። የአዋሽን መጨረሻ ደግሞ አሁን ታውቃላችሁ።

የእናንተ ደጃፍ ውሃ ከየትኛው ወገን ነው? ሽማግሌ ጠይቁ፣ ካርታ ካለ ተመልከቱ፣ ልጆቻችሁንም አወዳድሩ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ፣ ደኅና ሁኑ።